ከኸዲጃ ቤት እስከ ስልክ ሱቅ

  

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችልን እህት ስሟን እንዳንጠራ አደራ ብላናለችና አንጠራም። የሦስት ልጆች እናት ናት። ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ጋር ነው አገሯ የገባችው። ሥራ ስትፈልግ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ከቤቷ ሳትወጣ በስልኳ መነገድ ጀመረች። ዱባይ ያለች አንዲት ነጋዴ የዐባያና የሒጃብ ፎቶግራፍ ትልክላታለች። እርሷ ፎቶውን በቴሌግራም ገጿ ላይ ታወጣለች። ገዢ ሲገኝ ሙሉ ዋጋውን በስልክ ትቀበልና የራሷን ትርፍ አስቀርታ ቀሪውን ለዱባይዋ ነጋዴ ታስተላልፋለች። ዕቃው ሲደርስ በሞተረኛ ለገዢዋ ይላካል። ሱቅ የለ፣ ኪራይ የለ፣ ልጆቿን ጥላ የምትሄድበት ቦታ የለ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ የቤት ኪራያችንንና የልጆቼን ትምህርት ቤት ክፍያ ሸፍኜበታለሁ» ትላለች።

ባለፈው ረመዳን ግን ነገሩ ተበላሸ። ለዒድ ይደርሳል ብላ ከ14 እህቶች ገንዘብ ተቀበለች። ገንዘቡ ከተላለፈ በኋላ የዱባይዋ ነጋዴ «ያ ዓይነት አልቋል» ብላ ጨርቁም ቀለሙም የተለየ ሌላ ዐባያ ላከች፤ እርሱም የደረሰው ዒዱ ካለፈ በኋላ ነው። ከገዢዎቹ መካከል ገንዘቤን መልሺ ያለች አለች፤ የተሳደበች አለች፤ ዝም ያለችም አለች። እህታችን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቃት የዝምተኞቹ ጉዳይ እንደሆነ ትገልጻለች። ደብዳቤዋ የሚያበቃው በዚህ ጥያቄ ነው፦ «እኔ ከስሬ ነው ወይስ የሰው ገንዘብ በልቼ?»

ደብዳቤውን ካነበብን በኋላ የእህታችን ሥራ በስልክ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለን ነበር። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ስልኩ ብቻ ነው አዲስ ሆኖ ያገኘነው።

ስለ ንግድና ሴቶች በተነሳ ቁጥር የእናታችን የኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረ.ዐ.) ስም ይጠራል፤ መጠራቱም ተገቢ ነው። እርሳቸው ወደ ሻም የሚወርደውንና ወደ የመን የሚወጣውን የቁረይሾች ቅፍለት ተከትለው አልተጓዙም። መካ በቤታቸው ተቀምጠው፣ ካፒታሉ የእርሳቸው፣ ጉልበቱ የሌላ ሰው፣ ትርፉ በስምምነት የሚከፈል ሆኖ ሰዎችን ይልኩ ነበር። ፉቀሓዎች በኋላ «ሙዷረባ» ወይም «ቂራድ» ብለው የተነተኑት የንግድ ዓይነት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ595 ግድም ወጣቱን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሻም ሲልኩ የመረጧቸው በአማናቸው ነው፤ መካ «አል-አሚን» ብላ ታውቃቸው ነበርና። መይሰራ የተባለ አገልጋያቸውንም አብረው ላኩ። መይሰራ ተመልሶ ያወራላቸው ስለ ትርፉ ብቻ አልነበረም፤ በመንገድ ላይ ስላየው ጠባይም ነበር። ከቤት ሆኖ የሚነግድ ሰው ዓይኑ ከገበያው ይርቃልና ዓይኑን የሚተካለት ታማኝ ሰው ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብንል ቅር አይበላችሁ። «ኸዲጃም ነጋዴ ነበሩ» የሚለው አባባል በየስብሰባው ሲደጋገም እንሰማለን። ነገር ግን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ከመካ ባለጸጎች አንዷ ነበሩ። በሁለት ሺህ ብር ለምትጀምር እህት ከእርሳቸው ይልቅ ሌላዋ እናታችን ዘይነብ ቢንት ጃሕሽ (ረ.ዐ.) የሚቀርቡ ይመስለናል። ዘይነብ በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ቆዳ ያለፋሉ፣ ይሰፋሉ፣ ከዚያ ያገኙትንም ይመጸውቱ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚስቶቻቸው መካከል አስቀድማ የምትከተላቸው እጇ ረዥም የሆነችው እንደሆነች ነግረዋቸው ነበር። እነርሱም ክንዳቸውን እየተለካኩ ረዥሟን ይፈልጉ ነበር። በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ዘይነብ ሲሞቱ ግን የእጅ ርዝመት የተባለው ምጽዋት መሆኑን ተረዱ። ያ ምጽዋት የወጣው ከቤት ውስጥ ሥራ ነው።

ወደ እህታችን ጥያቄ የሚያደርሰን ሰው ግን የኸዲጃ የወንድም ልጅ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) ናቸው። ስማቸው ሐኪም ስለሆነ የሕክምና ባለሙያ እንዳይመስሏችሁ፤ ነጋዴ ነበሩ፣ ያውም ከጥርስ እስከ ጥፍራቸው ነጋዴ። ቁረይሾች በበኒ ሃሺም ላይ ማዕቀብ ጥለው በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ባገቷቸው ጊዜ፣ ሐኪም ገና ያልሰለሙ ቢሆኑም፣ ለአክስታቸው ለኸዲጃ ስንዴ ይዘው ሲሄዱ አቡ ጀህል መንገድ ላይ አገኛቸውና አላሳልፍም ብሎ ተናነቃቸው። አቡል በኽተሪ የተባለ ሰው መጥቶ በአቡ ጀህል ላይ እጁን እስከ ማንሳት ደርሶ ነው ነገሩ ያለቀው። ዕቃ እስከ ቤት ማድረስ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መዘዝ ነበረው።

ሐኪም የሰለሙት መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ከሑነይን ዘመቻ በኋላ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ገንዘብ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ደግመው ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ሲሰልሱም ተሰጣቸውና ከዚያ በኋላ ምክር ተከተለ፦ ገንዘብ ለምለምና ጣፋጭ መሆኑን፣ በስስት የያዘው ሰው በረካውን እንደሚያጣ፣ የሚሰጥ እጅ ከሚቀበል እጅ እንደሚበልጥ ነገሯቸው። ሐኪምም ከእንግዲህ እስክሞት ከማንም አልቀበልም ብለው ማሉ። አቡበክር (ረ.ዐ.) ከበይተል ማል ድርሻቸውን ሲሰጧቸው እንቢ አሉ። ዑመርም (ረ.ዐ.) ሲሰጧቸው እንቢ በማለታቸው ዑመር ሕዝቡን ምስክር አደረጉባቸው። ሐኪም እንደ ሌላው ድርሻቸውን ወስደው መኖር ሲችሉ በንግዳቸው ለመኖር መረጡ።

እንግዲህ ይህ ሰው ናቸው ያን ጥያቄ የጠየቁት። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ችግራቸውን አስረዱ፦ አንድ ሰው ይመጣና እጃቸው ላይ የሌለ ዕቃ እንዲሸጡለት ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም ሸጠውለት ከዚያ ገበያ ወጥተው ገዝተው ይሰጡታል፤ ይህን ማድረግ ይችላሉ? መልሱ አጭር ነበር። እጃቸው ላይ የሌለውን እንዳይሸጡ ተነገራቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል።

የዱባዩን ዐባያ አስቡት። ፎቶው የሌላ ሰው ነው፣ ዕቃው የሌላ ሰው ነው፣ የገዢው ገንዘብ ግን ተቀብለነዋል። ሻጩ እንደሚያገኘው ተስፋ ያደርጋል እንጂ ዋስትና የለውም። ዕቃው ቢያልቅ፣ ዋጋው ቢወደድ፣ ባለ ዕቃው ሐሳቡን ቢለውጥ ገዢና ሻጭ ይጣላሉ። በ14 እህቶችና በእህታችን መካከል የተፈጠረው ይኸው ነው። በንግዱ ዓለም ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትና ወጣቶቻችን «ያለ ካፒታል ንግድ» እየተባሉ የሚሰለጥኑበት አሠራር ሐኪም ከጠየቁት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ በሉ።

ሸሪዓ በሩን ዘግቶ አልተወውም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲገቡ የመዲና ገበሬዎች ገና ላልደረሰ ፍሬ የአንድና የሁለት ዓመት ዋጋ አስቀድመው ሲቀበሉ አገኟቸው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት አልከለከሏቸውም፤ ይልቁንም ሥርዓት አበጁለት። አስቀድሞ የሚከፍል ሰው በታወቀ ስፍር፣ በታወቀ ሚዛንና በታወቀ ጊዜ እንዲሆን አዘዙ። ይህ «ሰለም» የተባለው ሽያጭ ነው። አንድ አድማጭ «ታዲያ ይህም የሌለን መሸጥ አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሰለም ሻጩ የሚሸጠው የእገሌን የተምር ዛፍ ወይም የእገሊትን ዐባያ አይደለም። ዓይነቱ፣ መጠኑና ጥራቱ ተነግሮ ያለቀ ዕቃ በራሱ ላይ ዕዳ አድርጎ ይሸከማል፤ ዋጋውን እዚያው ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፤ ቀኑ ሲደርስ ከየትም አምጥቶ ያስረክባል፤ ካልቻለ ገንዘቡን ይመልሳል። «ከዱባይ አልቋል አሉኝ» የሚለው ቃል ለእርሱ ማምለጫ አይሆንለትም።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ውክልና። እህታችን «ዕቃው የእኔ አይደለም፤ እኔ ገዝቼ የማስመጣላችሁ ወኪል ነኝ፤ የድካሜ ዋጋ ይህን ያህል ነው» ብትል ሻጭ መሆኗ ይቀርና ተወካይ ትሆናለች። የመርካቶ ደላላ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የሰውን ዕቃ የራሴ ነው ብሎ አይሸጥም፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል። የእያንዳንዱን መንገድ ዝርዝር፣ በዑለማዎች መካከል ያለውንም ልዩነት በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊም ይንገራችሁ። እኛ ታሪኩን ነው የምንተርከው።

ሌላው ጉዳይ ፎቶግራፉ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩና እጃቸውን ወደ ውስጡ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኛቸው። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያጭበረብር ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስታወቁ። ሙስሊም ዘግበውታል። የስልክ ሱቅ ፎቶ ያ የክምሩ ደረቅ አናት ነው፤ ገዢዋ እጇን ወደ ውስጥ ማስገባት አትችልም። ብርሃኑ ተስተካክሎ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ ክሩ የተተረተረበት ጎን ወደ ኋላ ዞሮ ከተነሳ ዝናብ የመታው ስንዴ ነው።

በዚያ ዘመን የከብት ነጋዴዎችም ተመሳሳይ ዘዴ ነበራቸው። የሚሸጡትን ፍየል ወይም ግመል ለቀናት ሳያልቡ ጡቷን ያስሩና ወተታም ትመስላለች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከለከሉ፤ እንዲህ ተታሎ የገዛ ሰውም ለሦስት ቀን ምርጫ እንዲኖረው፣ ቢፈልግ እንዲያስቀራት፣ ባይፈልግ ደግሞ ለጠጣው ወተት አንድ ቁና ያህል ተምር ጨምሮ እንዲመልሳት ፈረዱ። ዛሬ ትላልቅ የኢንተርኔት ነጋዴዎች «ካልወደዱት ይመልሱ» ሲሉ አዲስ ጨዋነት ያመጡ ይመስላቸዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ ግን በስንቱ የሙስሊም ሱቅ ግድግዳ ላይ አንብበናል!

ሁለቱም ወገኖች ዕቃውን ሳያዩት የተደረገ ሽያጭም በሰሓቦች መካከል ተፈጽሟል። ዑስማን (ረ.ዐ.) ከመዲና ርቆ የሚገኝ መሬታቸውን ለጦልሓ (ረ.ዐ.) ሸጡ። አንዳንድ ሰዎች ዑስማንን ተጎድተሃል ሲሏቸው ሳላየው ስለሸጥኩት ምርጫው የእኔ ነው አሉ። ጦልሓም ሳላየው ስለገዛሁት ምርጫው የእኔ ነው አሉ። ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒምን (ረ.ዐ.) ዳኛ አድርገው ሾሙና ጁበይር ለገዢው ፈረዱ። የሐነፊ ዑለማዎች ገዢ ዕቃውን ሲያይ የማጽናት ወይም የማፍረስ መብት አለው ለሚሉት አንዱ ማስረጃቸው ይህ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች በዚህ ነገር አልተቀያየሙም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታት የሙስሊሞች ንግድ ሰፋ፤ ከሰፋውም ጋር በሩቅ የመክፈል ዘዴ መጣ። ነጋዴዎች ገንዘብ ተሸክመው ከሽፍታ ጋር ከመገናኘት ይልቅ «ሱፍተጃ» የተባለ የክፍያ ደብዳቤ ይይዙ ነበር። በአሮጌው ካይሮ በፉስጣጥ የተገኙት የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነጋዴ ደብዳቤዎች፣ አብዛኞቹ የአይሁድ ነጋዴዎች ቢሆኑም፣ አንድ ሰው ፉስጣጥ ተቀምጦ በዐደንና በሕንድ ባሉ ወኪሎች አማካይነት እንዴት ይነግድ እንደነበር ያሳያሉ። መልስ ለማግኘት ወራት ይጠበቅ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከቤት ሆኖ መሥራት ለሙስሊሙ ብዙ ጊዜ ምርጫ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ የጎንደሩ አዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈር የሆነውም በዚሁ ሳቢያ ነው። በሰሜኑ የደጋ አገር የርስት መሬት የተነፈገው ሙስሊም እርሻው ቢቀርበት ሁለት ነገር ያዘ፤ ሲራራ ንግድንና ሽመናን። አባቶቻችን ከዚያ በደል ውስጥ የሠሩትን ሥራ ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ይደንቀናል። ሸማኔው መወርወሪያውን ይዞ በቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ደንበኛዋ የፈተለችውን ፈትል ይዛ ትመጣለች፤ የሚሠራው ኩታ ይሁን ነጠላ፣ ጥለቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ለየትኛው በዓል እንደሚደርስ ተነጋግረው ዋጋ ይቆርጣሉ። ሸማኔው የሌለውን ሸማ አልሸጠም፤ የሸጠው የእጁን ሥራ ነው። ዛሬ በቤቷ ኬክ ጋግራ፣ ሻሽ ጠልፋ ወይም ልብስ ሰፍታ በስልክ ትዕዛዝ የምትቀበል እህት የእነዚያ ሸማኔዎች ልጅ ናት፤ መንገዷም ከዐባያ አስመጪዋ የቀለለ ነው። የሐረር እናቶች በቤት ውስጥ የሚሰፏቸውና የጌይ ጋርን ግድግዳ የሚያለብሱት ስፌቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዘመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር ጌትስሄድ ከተማ አንዲት የ72 ዓመት አዛውንት ከሶፋቸው ሳይነሱ በቴሌቪዥናቸው መቆጣጠሪያ ማርጋሪን፣ እንቁላልና ኮርንፍሌክስ አዘዙና ቤታቸው መጣላቸው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1995 እ.ኤ.አ.፣ ከኢራናውያን ወላጆች ፓሪስ የተወለደው ፒየር ኦሚድያር በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ በኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነው፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ኦሚድያር ደንግጦ ለገዢው ጻፈለት፤ ዕቃው የተሰበረ መሆኑን ተረድተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ገዢውም የተሰበሩ ጠቋሚዎችን የሚሰበስብ ሰው መሆኑን መለሰለት። ይህ ሰው የገበያውን ሐዲስ ሰምቶ አይመስለንም፤ እርጥቡን ስንዴ ግን ወደ ላይ አወጣው። በዓመቱ በ1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ጠባይ የሚመሰክርበትን ዘዴ ጨመረበት፤ የመይሰራን ሥራ ማለት ነው።

በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው ወረርሽኝ ሰዎችን በየቤታቸው ባስቀመጠበት ወቅት፣ ጃክ ማና ባልደረቦቹ በሐንግዡ ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሆነው ታኦባኦን ጀመሩ። ያጋጠማቸው ችግር የእህታችን ችግር ነበር፦ ገዢው ካላየሁ አልከፍልም ይላል፣ ሻጩ ካልተከፈለኝ አልልክም ይላል። መፍትሔ ያደረጉት ገንዘቡን በመሐል ያለ ሦስተኛ ወገን እንዲይዘው፣ ገዢው ዕቃውን ተረክቦ እስኪያረጋግጥ ለሻጩ እንዳይለቀቅ ማድረግን ነው። በፊቅህ መጻሕፍት የመያዣ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑትና መያዣው በእጁ የሚቀመጥ «ዐድል» የሚባል ሰው አለ። ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን በኢንተርኔት ከፍለው ለአዲስ አበባ ዘመዶቻቸው የበዓል በግ እስከ ቤት የሚያስልኩበት አገልግሎት ተጀመረ። ለአገር ውስጡ ሰው ግን መክፈያ መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ንግዱ ለረዥም ጊዜ ፎቶ ከማሳየት አላለፈም። ነገሩን የቀየረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክና በኮምፒውተር መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል። ይህን ስናነብ የቁርኣን ረዥሙ አንቀጽ ታወሰን፤ በአል-በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ላይ የሚገኘው እርሱ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍ እንዳይሰለቸን ያዛል። እህታችን የ14ቱን እህቶች ትዕዛዝ በድምፅ መልእክት ነበር የተቀበለችው። ለየትኛዋ ምን ቁጥር እንዳለች፣ ለማን የትኛውን ቀን እንደቀጠረች ፈልጋ ማግኘት አቅቷት ነበር።

ሌላም ያስተማረን ነገር አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩትዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተዘግተው ቆዩ። ሱቃቸው እዚያ ላይ ብቻ የነበረ ሰዎች አንድ ጠዋት ሲነሱ በሩ ተቆልፎ አገኙት። የደንበኞቻቸውን ስልክ በደብተር የጻፉት እየደወሉ ሸጡ፤ ያልጻፉት ተቀመጡ። በሰው ግቢ የተከፈተ ሱቅ ነውና ደብተሩን አትናቁት።

ስለ መነሻ ገንዘብም ጥያቄ ይመጣልናል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ዘምዘም፣ ከእርሱም ቀጥሎ ሒጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። በሙራበሓ ዕቃ የሚገዛ ሰው ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ለራሱ ገዝቶ ሲያበቃ እንደገና እንደሚሸጥለት ያያል፤ «ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን?» ብሎም ያማርራል። ምክንያቱ ሐኪም ያገኙት መልስ ነው፤ ባንኩም ቢሆን እጁ ላይ የሌለውን መሸጥ አይችልም።

ሐኪም ራሳቸው በእርጅናቸው ዘመን ዳሩን-ነድዋን፣ የቁረይሾችን የጥንት መሰብሰቢያ ቤት፣ ለሙዓዊያ በ100 ሺህ ዲርሃም ሸጡ። የቁረይሾችን ክብር ሸጥክ ብለው ሰዎች ወቀሷቸው። እርሳቸው ከተቅዋ በስተቀር ያ ሁሉ ክብር ማለፉን፣ በዋጋውም በጀነት ቤት መግዛት እንደሚፈልጉ መለሱና ገንዘቡን በሙሉ መጸወቱ። ነጋዴ እስከ መጨረሻው!

እህታችንን ከአንድ ኡስታዝ ጋር አገናኝተናት ነበር። ኡስታዙ ጥያቄዋን ካዳመጡ በኋላ ያሏት፣ ገንዘቡ በእርሷ ላይ ያለ ዕዳ መሆኑን፣ የዱባይዋን ነጋዴ ጉዳይ እርሷው ራሷ ከነጋዴዋ ጋር እንድትጨርስ፣ ገዢዎቹን በዚያ እንዳታስጠብቅ ነው። ዝም ያሉትንም ጭምር ለ14ቱም አንድ በአንድ ደወለች። ስምንቱ የመጣውን ዐባያ አይተው ዋጋ ቀንሳላቸው ወሰዱት። ለአራቱ ገንዘባቸውን መለሰች። ለሁለቱ በየወሩ እየከፈለች ነው፤ አንዷ «ይቅር» ብትላትም አልተቀበለችም። ያልተወሰዱትን ስድስት ዐባያዎች በቤቷ ሰቅላ ፎቶ ያነሳችው ራሷ ናት፤ የአንዱ እጅጌ ክሩ መላላቱን በሚያሳይ በኩል። ስንጽፍ ሁለቱ ተሸጠዋል።

ገጿን ትናንት ከፍተን አየነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ከሁለት ቃላት አንዱ ተጽፏል፤ «እጄ ላይ ያለ» ወይም «በውክልና የማስመጣው»። በሁለተኛው ሥር የአገልግሎቷ ክፍያ በብር ተቀምጧል፤ ቀኑም ተጽፏል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው አልፎ አልፎ የምናየው ነገር እርሷ ጋ የለም።